ሽጉጥ ከመታጠቅህ በፊት

ወንድሜ፣ «ፈቃዱን አግኝቻለሁ፣ ኢላማም እመታለሁ፤ ሽጉጥ ደብቄ ለመያዝ ሌላ ምን ይቀረኛል?» ብለሃል። የቀረህ ዋናው ነው፤ ጸባይህ። ከታጠቅክበት ቀን ጀምሮ ጭቅጭቅ ለአንተ ክልክል ነው። መንገድ ቢዘጉብህ፣ ቢሰድቡህ፣ ቢገፈትሩህም ይቅርታ ብለህ እለፍ። ለምን መሰለህ? ወገብህ ላይ መሣሪያ ካለ ተራ የቡጢ ጠብም በሞት ሊያልቅ ይችላል። ማምለጥ ከቻልክ አምልጥ። ሽጉጥ የሚወጣው የራስህ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት እዚያው ሊጠፋ ሲል ብቻ ነው። ለማስፈራራት ብለህ ልብስህን ገልጠህ እንኳ አታሳይ፤ በብዙ አገር ይሄ ራሱ ያስከስሳል።

ደግሞ የሳትከው ጥይት የሆነ ቦታ ማረፉ አይቀርም። የ9 ሚሊ ሜትር ጥይት ስስ የቤት ግድግዳ በስቶ ማዶ ያለውን ሰው ሊገድል ይችላል። በድንጋጤ ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይንም ዙሪያውን ማየት ያቅተዋል። የኢላማ ሜዳው ብቃትህ እንዳለ አይከተልህም። ስለዚህ ከመተኮስ ይልቅ አለመተኮስን ተለማመድ፤ ከፊትህ ካለው ሰው ጀርባ ማን እንዳለ ማየትን።

ሽጉጡ የሚገባበት ማህደር ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ይሁን። እንዲሁ ኪስ ውስጥ መክተት ፈጽሞ አይሆንም። መጠጥ የምትቀምስበት፣ ወይም ንዴትና ሐዘን የያዘህ ቀን ግን ሽጉጡን እቤት ቆልፈህበት ውጣ።