ፒርጊ ላይ ክረምቱ እንዴት ነው?

እህቴ፣ «የግሪክ ደሴት ሂዮስ ላይ፣ ፒርጊ የሚባል መንደር ውስጥ ያያ (አሮጊት) የመጠበቅ ሥራ አገኘሁ። አቴንስን ለቅቄ ክረምቱን ብቻዬን እችለው ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚያው መንደር ያያ እየጠበቅኩ ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርሽ።

ብቸኝነቱን አትፍሪ። የመንደሩ አሠራር ራሱ ብቻሽን አይተውሽም። ፒርጊ ከደሴቱ ደቡብ፣ ከባሕሩ ገባ ብሎ ነው ያለው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ጄኖቫዎች (የጣሊያኗ ከተማ የጄኖቫ ሰዎች) ደሴቱን ሲይዙ የባሕር ወንበዴ አስቸጋሪ ስለነበር ቤቶቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው ተሠሩ። የዳር ዳሩ ቤቶች ጀርባቸውን ወደ ውጭ ሰጥተው መንደሩን እንደ ቅጥር ይዘጉታል። መሃል ላይ የመጨረሻ መሸሸጊያ የነበረው ግንብ አለ፤ አሁን ፈራርሷል። ወንበዴው ከጠፋ ቆየ፣ ቤቶቹ ግን ዛሬም እንደተጣበቁ ናቸው። ስታስይ ጎረቤት ይሰማል። ዳቦ ገዝተሽ እስክትመለሺ ከየት እንደመጣሽ፣ ልጅ እንዳለሽ፣ ስንት እንደሚከፈልሽ ሳይቀር ትጠየቂያለሽ። እኔን ያስመረረኝ ይሄ ነው። ክፋት የለበትም፣ ግን ይሰለቻል።

ግድግዳዎቹን ፎቶ ላይ አይተሽ ይሆናል። ጥቁር አሸዋ ያለበት ልስን ላይ ነጭ ኖራ ይቀቡና ሳይደርቅ በሹካ መሰል ነገር ፍቀው ጥለት ያወጡበታል። በበጋ መጨረሻ ደግሞ ትንንሽ ቲማቲም በክር ተሰክቶ በረንዳው ላይ ይንጠለጠላል። ቱሪስቱ የሚመጣው ለዚህ ነው።

መንደሩን የሚያኖረው ግን ማስቲሃ ነው፣ የዛፍ ሙጫ። እኛ አገር እጣን ሲለቀም ያየ ሰው ሥራው አይገርመውም። በሐምሌ ከዛፉ ሥር ጠርገው ነጭ አፈር ይነሰንሳሉ፣ ከዚያ ቅርፊቱን ጫር ጫር ያደርጉታል። የሚንጠባጠበው ሙጫ እዚያው አፈሩ ላይ ይደርቅና ከነሐሴ ጀምሮ ይለቀማል። ዛፉ ሌላም ቦታ አለ፤ እንዲህ ያለ ሙጫ በብዛት የሚሰጠው ግን ደቡብ ሂዮስ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ገበሬዎቹ የራሳቸው ማኅበር አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በተነሳው ሰደድ እሳት ብዙ ዛፍ ተቃጥሏል። ሽማግሌዎቹ ካፌኒዮ (ቡና ቤት) ሲቀመጡ እስካሁን ያነሱታል።

አንቺን የሚመለከትሽ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሙጫው ከአፈርና ከቅጠል የሚጸዳው በክረምት፣ ቤት ውስጥ ነው። ሴቶቹ ጠረጴዛ ከብበው በትንሽ ቢላ አንድ በአንድ ይፍቁታል፣ ወሬውም አብሮ ይፈሳል። ያያሽ መንቀሳቀስ ከቻለች ይዘሻት ሂጂ፤ ካልቻለች እነሱ ይመጣሉ። ቢላ ሲሰጡሽ እንግዳ ነኝ ብለሽ አትግደርደሪ፣ ተቀበይ። ከተማ ውስጥ ዓመታት ኖሬ ያልገባኝ ግሪክኛ የገባኝ እዚያ ነው። የአሮጊቶቹ አነጋገር መጀመሪያ ቢያደናግርሽም ትለምጂዋለሽ።

ስለ ቤተ ክርስቲያንም ጠይቀሻል። ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ ማንም አይከለክልሽም፤ መቁረብ ግን የለም፣ እምነታችን ቢቀራረብም አንድ አይደለም። የፍልሰታ ጾማቸው እንደ ፈረንጆቹ ነሐሴ 1 ይገባና በ15 በዓሉ ይከበራል። አደባባዩ ላይ ጭፈራና ሥጋ ሲሆን አንቺ ገና ሳምንት ጾም ይቀርሻል። አስረጃቸው፣ ጾም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ ሽምብራና ወይራ ያቀርቡልሻል።

እሺ ከማለትሽ በፊት ግን የያያሽን ልጆች ሦስት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ የምትተኚበት ክፍል ማሞቂያ አለው ወይ? የድንጋይ ቤት በጥር አጥንት ይሰብራል። ሁለተኛ፣ ሆስፒታሉ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ሂዮስ ከተማ ነው፤ ሌሊት ብትታመም መኪና ይዞ የሚመጣው ማነው? ስልኩን ያዢ። ሦስተኛ፣ የዕረፍት ቀንሽ እሑድ እንዳይሆን፤ በክረምት እሑድ አውቶቡስ ተስፋ የለውም። አቴንስ መጥተሽ ሰው ማየት ካማረሽ ደግሞ መርከቡ ማታ ተነስቶ የአቴንስ ወደብ ፒሬያስ ንጋት ላይ ነው የሚያደርስሽ፣ ስለዚህ ዕረፍቱን አጠራቅመው እንዲሰጡሽ ከአሁኑ ተስማሚ።