ዳውላውን የምትደበድቡ ወላጆች፣ ስሙኝ

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። አሳ አጥማጆቹ መረባቸውን ያራግፋሉ። አባ ኮዳዎቹ እንደ ዘበኛ ቆመው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። አሜሪካ 24 ዓመት ኖሬ አሁን ግማሹን ዓመት እዚህ ነኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር ከዋሽንግተን፣ ከሲያትል፣ ከቶሮንቶ የሚመጡ የአገሬ ልጆች ሐይቁ ዳር ያገኙኛል። ጥያቄያቸው ሁልጊዜ ያው ሦስት ነው። "ጋሼ፣ የሥራ ማመልከቻው ላይ ያለው የባሕርይ ፈተና ይጥለኛል፣ ምን ላድርግ?" "ለልጄ አማርኛ የሚያስተምር ጥሩ አፕ ያውቃሉ?" "ጋሼ፣ ልጄን ጌም በላብኝ።"

ድሮ በትዕግሥት እመልስ ነበር። አሁን ትዕግሥቱ አልቋል፤ ስለዚህ ጻፍኩት።

1. ወረቀት

ፓስፖርታችሁና ቢጫ ካርዳችሁ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችሁ) የሚያልቅበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ። ሁሉንም ፎቶ አንስታችሁ ኢሜይላችሁ ውስጥ አስቀምጡ። አለቀ።

2. ሶፍትዌር

ዲያስፖራ ቤት ቡና ሲፈላ ስለ ሶፍትዌር አስተያየት የሌለው ሰው የለም። የአይፎንና የአንድሮይድ ክርክር ከጊዮርጊስና ከቡና ደጋፊዎች ክርክር ብሷል። ይሁን፣ ተከራከሩ። ግን ያ ሁሉ ተከራካሪ ለእናቱ መልእክት ሲልክ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፋል። ለምን? ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንት ዓመት ሆነው! የአማርኛ ኪቦርድ ስልክ ላይ መጫን ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ልጃችሁ እናንተ በላቲን ስትጽፉ እያየ አድጎ፣ ፊደል የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ጌጥ ቢመስለው አትፍረዱበት።

የትርጉም አፕ ጥሩ ነው። ጉግል አማርኛን ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይተረጉማል፤ የሐኪም ቀጠሮ ደብዳቤ ለመረዳት ተጠቀሙበት። ቋንቋ አስተማሪ አፕም ክፉ አይደለም። ልጁ "ፖም" የሚለውን ቃል ይማራል፣ ኮከብ ይሸለማል። ግን ፖሙን ማንን ሊጠይቅ ነው? እናቱ እንግሊዝኛ ታወራዋለች፣ አባቱ ሥራ ነው።

3. የባሕርይ ፈተና

የመጀመሪያ ፈተናዬን የወሰድኩት አንድ ትልቅ መደብር ጥግ ላይ በቆመች ኮምፒውተር ነው። ከመቶ በላይ ጥያቄ። "ሰዎች ቶሎ ያናድዱኛል።" "ከብዙ ሰው የበለጠ ጠንክሬ እሠራለሁ።" ከ"በጣም እስማማለሁ" እስከ "በፍጹም አልስማማም" ምረጥ ይላል። እኔ ደግሞ ራሱን የሚያመሰግን ሰው በሚታፈርበት ሰፈር ያደግሁ ነኝ። ጎበዝ ነህ ወይ ሲሉኝ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም አይል" ነው የምለው። ሁሉንም መሃል ላይ ጣልኩት። አልደወሉልኝም። ሁለተኛው ቦታም፣ ሦስተኛውም እንደዚያው።

እውነቱን መልሱ፣ ግን መሃል ላይ አትደበቁ። ለማያውቃችሁ ኮምፒውተር "ታታሪ ነኝ" ማለት ትዕቢት አይደለም። ታታሪ ከሆናችሁ ማለቴ ነው። ደግሞ ፈተናውን የአክስት ልጅ እንዲሞላላችሁ አታድርጉ። ቃለ መጠይቁ ላይ የምትቀርቡት እናንተ ናችሁ፣ የአክስት ልጅ አይደለም።

ከዓመታት በኋላ አንድ የመኪና ማቆሚያ ድርጅት ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ሆንኩ። ሁላችንንም ሰብስበው፣ ፒዛ ገዝተው፣ ያንን አራት ፊደል የሚሰጠውን ፈተና አስፈተኑን፤ ማየርስ ብሪግስ የሚባለውን። ሰውን 16 ቦታ የሚመድበው ነው። የሠሩት አንዲት እናትና ልጅዋ ናቸው፣ ካትሪን ብሪግስና ኢዛቤል ማየርስ። መነሻቸው ካርል ዩንግ በ1921 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ሁለቱም በሙያቸው የሥነ ልቦና ባለሙያዎች አልነበሩም። ብዙ ሰው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሲፈተን ሌላ ፊደል ይወጣለታል። የሚሸጠው ድርጅት ራሱ "ሰው ለመቅጠር አትጠቀሙበት" ይላል። የአእምሮ ሕመም ለመለየት የሚያገለግል ሌላ ፈተና ለሥራ ዕድገት ማጣሪያ ሲሆን ደግሞ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት የአካል ጉዳተኞችን ሕግ ይጥሳል ብሎ ፈርዷል። ይህን ያህል ካወቃችሁ አሠሪ ፊደላችሁን ሲነግራችሁ አትደነግጡም፣ አትኩራሩም።

እኔ ግን ተኩራርቻለሁ። ውጤቴ "ዝምተኛ፣ ከራሱ ጋር መሆን የሚወድ" አለ። ደስ አለኝ። ስንት ዓመት ስብሰባ ላይ አፌን የማልከፍተው እንግሊዝኛዬን ፈርቼ ነበር። አሁን ተፈጥሮዬ ነው ተባለልኝ፣ ያውም በወረቀት! ያንን ወረቀት ይዤ ቤቴ ገባሁ። ቤት ውስጥ የሠራሁበትን ነገር 4 ላይ እነግራችኋለሁ።

4. ጌም

እኔ አሜሪካ በየካቲት ገባሁ፤ በዚያው 1999 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ላይ የኮሎምባይን ትምህርት ቤት ግድያ ደረሰ። ታክሲ ተራ ላይ የተወራው ስለ ጌም ነበር። ልጆቹ ዱም የሚባል ጌም ይጫወቱ ነበር ተባለ፣ ጥፋቱ ጌሙ ላይ ተላከከ። ጠመንጃውን ከየት አመጡት ብሎ የጠየቀ ታክሲ ነጂ አላስታውስም። እኔም አልጠየቅሁም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተጠንቷል፣ ፍርድ ቤትም ቀርቧል። በ2011 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካሊፎርኒያ ለልጆች የጥቃት ጌም እንዳይሸጥ ያወጣችውን ሕግ 7 ለ 2 ሻረው። የአሜሪካ ሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 እ.ኤ.አ. ግድያና ድብደባን በጌም ማሳበብ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ብሏል። ቁጡነትን በትንሹ ሊጨምር እንደሚችል ግን አልካደም። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች መዝገቡ የጌም ሱስን አስገብቷል። እዚያ የገባው ግን ቅዳሜን ሙሉ የተጫወተ ልጅ አይደለም። ራሱን መቆጣጠር ያቃተው፣ ጌሙን ከምግብም ከትምህርትም ያስቀደመ፣ እየተጎዳም ያላቆመ፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር የቆየበት ሰው ነው። ልጃችሁ እንዲህ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፤ ጠበል ብትጨምሩም አልከለክልም። እንዲህ ካልሆነ ግን ቁጭ በሉና እኔን ስሙኝ።

የመጀመሪያ ልጄ አምስት ዓመት ሲሆነው አንዲት መምህርት "ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ አውሩለት፣ ወደ ኋላ ይቀራል" አለችን። እኛም እሺ አልን። መምህር ያለው ነገር እንዴት እምቢ ይባላል? በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ልጅ አሳደግሁ። ተረት አልነገርኩትም፤ ጅቡንና አህያውን በእንግሊዝኛ እንዴት አድርጌ ላውራው? እኔ ሌሊት እሠራለሁ፣ እናቱ ቀን ትሠራለች። ቀን እኔ ስተኛ እንዳይረብሸኝ ጌሙን የገዛሁለት እኔው ነኝ። ይህንን ለማንም አላወራሁም ነበር።

እሑድ እሑድ እናቴ ጋ እንደውላለን። ልጁ "ሰላም ነሽ" ይልና ስልኩን እጄ ላይ ጥሎ ይሮጣል። "ምን ሆነ?" ትላለች። "ጌም ነው እማዬ፣ ጌም ነው ያበላሸው።" በ2013 እ.ኤ.አ. አንድ ቀን በንዴት ማሽኑን ከነገመዱ ነቅዬ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኩት። በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ስናገር ወላጆች እንደ ጀግና አዩኝ። አራት የሚሆኑት ተከተሉኝ።

ከዚያ ጠበቅሁ። አማርኛው ማሽኑ ውስጥ የተደበቀ ይመስል፣ ይወጣል ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር። ልጁ አኮረፈ እንጂ አንድ አዲስ ቃል አላወጣም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

የሥራ ቦታው ወረቀት የመጣው ያኔ ነው። ለእናቴ ደወልኩና "እማዬ፣ ልጁ በተፈጥሮው ዝምተኛ ነው፣ እንደኔ። እዚህ አገር በፈተና ነው የሚታወቀው" አልኳት። ልጁን ማንም አልፈተነውም። እሷ ምስኪን "ዝም አይነቅዝም፣ ግድ የለም" አለችኝ።

ውሸታም ነኝ። ያ ልጅ ዝምተኛ አልነበረም። ማሽኑ በነበረበት ጊዜ በሩ ሥር ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ማዳመጫውን አድርጎ ከኮሪያ ልጅ፣ ከሜክሲኮ ልጅ ጋር ሲያወራ፣ ሲያስቅ፣ "አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ" እያለ ሲመራ። አንደበቱ እንደ አያቱ ነበር። እናቴ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ ገበያ ላይ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛ፣ በአማርኛ የምትከራከር ሴት ናት። የእሷ የልጅ ልጅ በአንዱም አላናገራት።

አሁን ፒያሳ አካባቢ ያሉትን የፕሌይስቴሽን ቤቶች ግቡና እዩ። ልጆቹ ለአንድ ጨዋታ ብር ይከፍላሉ፣ ተራ ይጠብቃሉ፣ እናቶች ጫማቸውን አውልቀው ያባርሯቸዋል። ጨዋታው የኔ ልጅ ይጫወተው የነበረው ያው የእግር ኳስ ጨዋታ ነው። ጌሙ የሚያወራው እንግሊዝኛ ነው። ልጆቹ ግን "አቀብለኝ አንተ!" "ኦፍሳይድ ነው፣ አታጭበርብር!" እያሉ ይጯጯሃሉ። ጌም አማርኛ የሚበላ ቢሆን ኖሮ የሐዋሳ ልጅ ሁሉ ዲዳ ይሆን ነበር።

ስለዚህ ማሽኑን አትጣሉ። ሁለተኛውን መቆጣጠሪያ አንሡና አጠገቡ ተቀመጡ። ተሸነፉ፤ መሸነፋችሁ አይቀርም። በአማርኛ ተሳደቡ፣ በአማርኛ አስተምረኝ በሉት። እዚህ ያለ የአጎቱ ልጅ ካለ፣ ኔትወርክ ሲፈቅድ በስልክ ሉዶ ያጫውቱ፣ እየተነጋገሩ። ጌም የምትመርጡም ከሆነ ሳጥኑ ላይ ያለውን የዕድሜ ምልክት እዩ፤ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ እኛ ግን ዋጋውን ብቻ ነው የምናየው። ሌሊት ሠርታችሁ ድካም ቢገላችሁ እንኳ ሃያ ደቂቃ አታጡም። አጣለሁ የምትሉኝን አላምናችሁም። እኔም እል ነበር።

5 ላይ ስለ ሐዋላ፣ በወንድም ስም ስለሚሠራ ቤት ልጽፍ አስቤ ነበር። ተውኩት።

እናቴ ያረፈችው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ልጄ ለለቅሶው መጣ፣ ያኔ 20 ዓመቱ። ድንኳኑ ውስጥ ጎረቤቶች እያቀፉት ያለቅሳሉ፣ አያቱን እያነሱ ያወሩታል። እሱ እያንዳንዷን ሴት ካቀፈ በኋላ ዞሮ ያየኛል። "ምን አለች?" እኔ ሰው እያስተናገድኩ ግማሹን እተረጉማለሁ፣ ግማሹን እዘላለሁ።

በሦስተኛው ቀን ማታ ስልኩን ይዞ መጣ። እናቴ በእህቴ ልጅ ስልክ ድምጿን እየቀዳች ትልክለት ኖሯል። አንዱንም አላጠፋም። ደጋግማ የምትለውን አንድ ቃል ለይቶ፣ እንደምንም ጽፎ፣ የትርጉም አፕ ውስጥ አስገብቶታል። ቃሉ "ሆዴ" ነው።

"ዳዲ" አለኝ በእንግሊዝኛ፣ "አያቴን ሁልጊዜ ሆዷን ያማት ነበር እንዴ?"