በ10 ቀን ኡሉሩ ደርሶ መመለስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜልበርን ነው፣ ሦስት ልጆች አሉን፣ ትልቁ 11 ትንሿ 4 ዓመቷ ነው። በጁላይ የ10 ቀን እረፍት አለኝ። ተጎታች ካምፐር (ድንኳን የሚዘረጋበት፣ በመኪና የሚጎተት ጋሪ) ተከራይተን በአውስትራሊያ መሀል ያለውን ትልቁን ቀይ ዓለት ኡሉሩን ለልጆቹ ላሳያቸው አስቤያለሁ። በቀን ለ10 ሰዓት ያህል ብነዳ፣ ልጆቹ ሲተኙም ማታ ብቀጥል በሁለት ቀን ተኩል እንደርሳለን። ባለቤቴ ግን ሐሳቡ አልተዋጠላትም። ተጎታች ጎትቼም አላውቅም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔም ከባለቤትህ ጋር ነኝ። በአደላይድ፣ በፖርት ኦገስታና በኩበር ፒዲ በኩል ኡሉሩ ለመድረስ 2,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ደርሶ መልስ 4,600። ተጎታች ይዘህ፣ የ4 ዓመት ልጅ ይዘህ፣ በቀን 500 ከነዳህ ጥሩ ነድተሃል። አምስት ቀን ለመሄድ፣ አምስት ቀን ለመመለስ። ታዲያ ኡሉሩን መቼ ልታዩት ነው?

የማታውን ነገር ጨርሶ እርሳው። ካንጋሮ በብዛት የሚንቀሳቀሰው ሲነጋጋና ሲመሽ ነው፣ መብራት ሲያርፍበት ደግሞ በየት በኩል እንደሚዘል አይታወቅም። አንድ ጊዜ ከፖርት ኦገስታ በላይ «ትንሽ ነው የቀረን፣ እንግፋ» ብዬ አምሽቼ ስነዳ አንድ ትልቅ ካንጋሮ ፊቴ ድቅን አለ። ፍሬን ስይዝ ተጎታቹ እየተወዛወዘ መኪናውን ከኋላ ገፋው፣ ልጆቹ ጮኹ፣ ዳር ይዤ ስቆም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልመታሁትም። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀራት እቆማለሁ። በዚያ ላይ ብዙ አከራዮች ከከተማ ውጭ ማታ መንዳትን በውላቸው ይከለክላሉ፣ ከተጋጨህ ኢንሹራንሱ ላይከፍልልህ ይችላል።

እኔ ብሆን ኡሉሩን ሦስት ሳምንት እስካገኝ አቆየውና ዘንድሮ ወደ ፍሊንደርስ ተራሮች እሄዳለሁ። ከአደላይድ በስተሰሜን 430 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከቤታችሁ ተነስታችሁ ሳትጣደፉ በሦስት ቀን ትገባላችሁ። ቀዩ ምድር እዚያም አለ። ሰጎን የሚመስለውን ትልቅ ወፍ ኢሙን ታያላችሁ፣ ዋላቢም (ትንሽ የካንጋሮ ዘመድ) ድንጋይ ለድንጋይ ሲዘል ልታዩ ትችላላችሁ። የአካባቢው ነባር ሕዝብ አድኛማታናዎች ኢካራ፣ «መሰብሰቢያ ቦታ» የሚሉት፣ ዙሪያውን በተራሮች የተከበበው ዊልፒና ፓውንድ እዚያው ነው፣ የካምፕ ቦታም አለው። አራት ቀን አንድ ቦታ ሰፍራችሁ ልጆቹ በእግራቸው እንደልባቸው ቢሮጡ፣ መኪና ወንበር ላይ ታስረው ከሚያሳልፉት 4,600 ኪሎ ሜትር በእጅጉ ይሻላቸዋል። ቦታውን ግን አሁኑኑ ያዝ፣ የትምህርት ቤት እረፍት ነው። ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ነው፣ ብርድ ልብስ አብዛ።

ተጎታቹን ደግሞ ከጉዞው አንድ ቀን ቀድመህ ተረከበው። ባዶ የመኪና ማቆሚያ ፈልግና ወደ ኋላ መንዳት ተለማመድ፤ መሪውን ወደ ግራ ስታዞር ተጎታቹ ወደ ቀኝ ስለሚሄድ መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል፣ በአንድ ከሰዓት ግን ይለመዳል። ድንኳኑንም እዚያው ዘርጋው፣ በጨለማና በንፋስ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘርጋት ልጆቹን ያስለቅሳል። ከባድ ዕቃ ጎማዎቹ አካባቢ ይሁን፤ ወደ ኋላ ከበዛ ፍጥነት ስትጨምር መወዛወዝ ይጀምራል። ከተጎታቹ ክብደት 10 በመቶ ያህሉ ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት መንጠቆ ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው። ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ በላይ ከሆነ በሕግ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል፤ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ መቆጣጠሪያው ያንተ መኪና ላይ መገጠም አለበት። ብዙ ሰው ይህን የሚሰማው ሊረከብ ሲሄድ ስለሆነ አከራዩን ዛሬውኑ ደውለህ ጠይቀው።

ለመንገድ ብርቱካንና ሙዝ አታብዙ። አደላይድ ያለችበት ክፍለ ግዛት ደቡብ አውስትራሊያ የፍራፍሬ ዝንብ እንዳይገባባት ብዙ ዓይነት ፍራፍሬና አትክልት ከእናንተ ክፍለ ግዛት ከቪክቶሪያ ማስገባት ትከለክላለች፣ ቅጣትም አለው። ልጆቹ ከድንበሩ በፊት በልተው ይጨርሱትና አዲሱን ከድንበሩ ማዶ ያለችው ከተማ ቦርደርታውን ስትደርሱ ግዙ።