የእናትዎን የመዋጥ ልምምድ ከማስጀመርዎ በፊት ጉሮሯቸው በካሜራ ይታይ

እህታችን፣ እናትዎ ስትሮክ ከመታቸው በኋላ መዋጥ እንዳቃታቸው፣ በአፍንጫቸው ቱቦ ገብቶላቸው ከሆስፒታል እንደወጡና በዩቲዩብ ያዩትን ጭንቅላት ቀና የማድረግ ልምምድ ቤት ውስጥ ሊያስጀምሯቸው እንዳሰቡ ጽፈዋል። አባቴ ያለፉበት መንገድ ይኸው ስለሆነና እኔም ከአጠገባቸው ሳልለይ ሁሉንም ስላየሁ፣ እኛ ያየነው መከራ በእናትዎ ላይ እንዳይደርስ የማውቀውን እጽፍልዎታለሁ።

1ኛ፣ የመዋጥ ልምምድ ይጠቅማል፤ ነገር ግን የትኛው ልምምድ እንደሚበጃቸው ጉሮሯቸው ሳይመረመር አይታወቅም። እርስዎ ያዩት ልምምድ የሚጠራው በአሜሪካ፣ በሚልዋኪ ከተማ ባዘጋጁት በዶክተር ሬዛ ሻከር ስም ነው። ታማሚው ያለ ትራስ በጀርባው ተኝቶ፣ ትከሻውን ሳያነሣ፣ የእግሩን ጣቶች እስኪያይ ድረስ ጭንቅላቱን ብቻ ቀና አድርጎ ለ60 ሴኮንድ ይቆያል፤ ለ60 ሴኮንድ ያርፋል፤ ይህንን 3 ጊዜ ከደገመ በኋላ 30 ጊዜ ቀና ዝቅ ይላል። በቀን 3 ጊዜ ለ6 ሳምንት የሚሠራ ሲሆን፣ ዓላማው ማንቁርትን ወደ ላይና ወደ ፊት የሚስቡትን ከአገጭ ሥር ያሉ ጡንቻዎች አጠንክሮ የምግብ ቧንቧው መግቢያ በሚገባ እንዲከፈት ማድረግ ነው። እክሉ እዚያ ቦታ ላልሆነ ሰው ግን ትርፉ ድካም ነው፤ የደም ግፊት ያለባቸው ወይም አንገታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ደግሞ ሐኪም ሳይፈቅድላቸው ሊሞክሩት አይገባም።

2ኛ፣ ስላላሳሉ ብቻ ደህና ዋጡ ብለው አይመኑ። አባቴ ተኝተውበት የነበረው ሆስፒታል በማንኪያ ውሃ ሰጥቶ ትን ስላላላቸው ብቻ ‹መዋጥ ይችላሉ› ብሎ ቱቦውን አወጣና አሰናበተን። ብዙም ሳይቆይ ትኩሳት ያዛቸው፤ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ፤ የበሉትና የጠጡት ሁሉ በጥቂት በጥቂቱ ወደ ሳንባቸው ይገባ ነበር። ስትሮክ የጉሮሮን ስሜት ስለሚያደነዝዝ፣ ውሃ ወደ አየር ቧንቧ ሲገባ ምንም ሳያስል የሚቀር ታማሚ ብዙ ነው። ይህ ለሕክምና ባለሙያ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባውም ነበር። ተመልሰን ስንሄድና ጉሮሯቸውን የሚያሠራልን ባለሙያ ስንጠይቅ፣ በፊዚዮቴራፒው መስኮት የተቀመጡት ሠራተኛ ቀና ብለው እንኳን ሳያዩን ‹እኛ የምናሠራው እጅና እግር ነው፣ ጉሮሮ አይመለከተንም› ብለው፣ ለመጣው ሁሉ የሚያድሉትን ያንኑ የሻከር ልምምድ ፎቶ ኮፒ ወረወሩልን። ሽማግሌ አባቴ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ይህንን ሲሰሙ የተሰማኝ ቁጭት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

መንገዱን የከፈቱልን በሌላ ሆስፒታል ያገኘናቸው የአንገት በላይ ሐኪም ናቸው። ቀጭን ካሜራ በአፍንጫቸው አስገብተው ቀለም የነካው ውሃ እንዲውጡ ሲያደርጉ፣ ውሃው ሽባ በሆነው የጉሮሮ ጎን ተጠራቅሞ፣ ሞልቶ ወደ አየር ቧንቧው ሲወርድ እኛም በስክሪኑ ላይ አየነው። ከዚያ በኋላ የተሰጣቸው ትእዛዝ ለእሳቸው የተለካ ነበር፦ ሲውጡ ፊታቸውን ወደ ደከመው ጎን ማዞር፣ ምግቡ በጤነኛው በኩል እንዲያልፍ፤ ምራቃቸውን በሙሉ ኃይላቸው ጨምቀው መዋጥ፤ ምላሳቸውን ከላንቃቸው ጋር አጥብቀው መጫን። በጀርባ መተኛቱ ስለከበዳቸው፣ በሻከር ፈንታ ተቀምጠው ትንሽ ለስላሳ ኳስ በአገጫቸው ወደ ደረታቸው እንዲጫኑ ተደረገ። በ2014 እ.ኤ.አ. ከሲንጋፖር የወጣ ጥናት፣ በጤነኛ ሰዎች ላይ ሲለካ፣ ይህ የኳስ ልምምድ እነዚያኑ ጡንቻዎች ከሻከር ልምምድ የበለጠ እንደሚያሠራ አሳይቷል። አባቴ ጠዋትና ማታ ሳያጓድሉ ሠሩት፤ ዛሬ ከእኛ ጋር ማዕድ ላይ ተቀምጠው ለስላሳ የሆነውን ሁሉ ይበላሉ፤ በጽናታቸው እኮራለሁ።

ምላስን በጥርስ መካከል ይዞ መዋጥ የሚባል ልምምድም በቪዲዮ ያገኛሉ፤ እርሱ በምራቅ ብቻ እንጂ በምግብ ወይም በውሃ ፈጽሞ አይሠራም። ትንፋሽን አፍኖ መዋጥም የልብ ሕመም ላለበት የስትሮክ ታማሚ የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል ያለ ሐኪም አይንኩት።

ከልምምዱ እኩል የሚያስቸግርዎት ለጥየቃ የሚመጣው ዘመድ ነው። በፍቅር ተነሣስተው ‹ትንሽ አጥሚት ይቅመሱ› ይላሉ፤ ጠበል ይዘው መጥተው በተኙበት ያጠጣሉ። ቀጭን ፈሳሽ ፈጥኖ ስለሚወርድ ለደከመ ጉሮሮ ከሁሉም የከፋው ውሃ ነው። እኛ ይህንን ለንስሐ አባታችን አስረድተን፣ ጠበሉ መዋጥ እስኪመለስላቸው ድረስ ፊታቸው ላይ እንዲረጭ እሳቸው ራሳቸው ፈቀዱልን፤ ዘመድም የእሳቸውን ቃል ሰምቶ ተወ። አጥሚትም ቢሆን ሲሞቅ ቀጥኖ ሲበርድ የሚወፍር፣ አፍ ውስጥም በምራቅ የሚቀጥን ስለሆነ፣ ውፍረቱ በባለሙያ ሳይወሰን አይሰጥ።

ቀጠሮው እስኪደርስ ድረስ በቱቦ ሲመግቧቸው ከወገባቸው በላይ ቀና ያድርጓቸው፤ ከመገቧቸውም በኋላ ወዲያው አያስተኟቸው። በአፋቸው ባይበሉም ጥርሳቸውንና ምላሳቸውን በየቀኑ ያጽዱላቸው፤ ወደ ሳንባ የሚወርደው ምራቅ የአፍን ጀርም ይዞ ስለሚወርድ የሳንባ ምችን የሚያመጣው እርሱ ነው። ሆስፒታል ሲሄዱ ‹ልምምድ ስጡኝ› ሳይሆን ‹ወደ አንገት በላይ ሐኪም፣ የመዋጥ ምርመራ በካሜራ እንዲደረግላቸው ሪፈር ጻፉልኝ› ብለው ይጠይቁ፤ በመስኮቱ ያለው ሰው ቢመልስዎት የክፍሉን ኃላፊ አስጠርተው ወረቀቱ በእጅዎ እስኪገባ ድረስ ከዚያ አይነሡ።