ሙክት በግ ለኡድሒያ ይሆናል ወይ ላልከው

ወዐለይኩሙ ሰላም ወንድሜ። ባሕር ዳር ገበያ የገዛኸው በግ ሙክት ስለሆነ «ለዐረፋ ኡድሒያ (በበዓሉ ለሚታረደው መሥዋዕት) አይሆንም» ብለውህ ተጨንቀሃል። ይሆናል፤ ልብህ ይረፍ። መኮላሸቱ ሥጋውን ያሳምረዋል እንጂ እንደ ጉድለት አይቆጠርበትም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የተኮላሹ ሁለት በጎች ማረዳቸው ተዘግቧል።

የሚከለክለው ሌላ ነው፦ የአንድ ዓይኑ መታወር በግልጽ የሚታይ፣ ሕመሙ የታወቀ፣ ማንከሱ የጎላ፣ መቅኒው እስኪደርቅ የከሳ እንስሳ። እኔ ከመክፈሌ በፊት በጉን ጥቂት አስነድቼ እርምጃውን አያለሁ፤ ገበያ መሀል ቆሞ ያለ በግ እግሩን አያሳይም።

ስለ ዕድሜው ሻጩን ብቻ አትመን፣ ጥርሱን እይ። ብዙ ሊቃውንት ለበግ 6 ወር ይበቃል ይላሉ፤ ከኢስላም የሕግ መንገዶች አንዱ በሆነው በሻፊዒይ መዝሀብ ግን 1 ዓመት የሞላው ወይም የፊት ጥርሱን የጣለ መሆን አለበት። ከብት 2 ዓመት፣ ግመል 5 ዓመት ይሙላው።

ከጎረቤቶችህ ጋር በሬ ብትገዙ እስከ 7 ሰው ትካፈላላችሁ፤ በግና ፍየል ግን ለሁለት ገዢ አይከፈልም። ዶሮ ወይም የጣና ዓሣ ለምጽዋት መልካም ነው፣ ኡድሒያ ግን አይሆንም። ደግሞ አደራ፣ ከዒድ ሶላት በፊት እንዳታርድ፤ ያኔ የታረደው ተራ ሥጋ ነው፣ በምትኩ ሌላ ማረድ ይኖርብሃል።