ቤት ውስጥ የሰራ ሪሲቨር ሐረጎ ላይም ይሰራል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሰርግና ክሊፕ እቀርጻለሁ። ከጓደኛዬ ጋር ያገለገለ የገመድ አልባ ቪዲዮ ትራንስሚተርና ሪሲቨር ገዛን፤ ትራንስሚተሩ ካሜራው ላይ ሆኖ ምስሉን ይልካል፣ ሪሲቨሩ ተቀብሎ ሞኒተር ላይ ያሳያል። ቤት ውስጥ ቁልጭ ያለ ምስል ያመጣል። በሚቀጥለው ሳምንት ሐረጎ ላይ፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ፣ ክሊፕ አለን። ከመውጣታችን በፊት ምን ልፈትሽ?
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቤት ውስጥ ባየኸው ምስል አትተማመን። ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ሆነው መስራታቸው መጣመራቸውን ብቻ ነው የሚነግርህ። ሪሲቨር የሚፈተነው በእግር ነው።

ሰፋ ያለ ሜዳ ሂዱ። አንተ ሪሲቨሩንና ሞኒተሩን ይዘህ ቁም። ጓደኛህ ካሜራውን ይዞ ይራቅ፤ 50 እርምጃ፣ 100 እርምጃ። ከዚያ ካሜራውን ደረቱ ላይ እንደያዘ ጀርባውን ይስጥህ። ዋናው ፈተና እሱ ነው። የሰው ገላ አብዛኛው ውሃ ነው፤ እነዚህ ዕቃዎች ደግሞ ብዙዎቹ 5 ጊጋኸርዝ ላይ ስለሚሰሩ ውሃ ሲግናላቸውን ይውጠዋል። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ርቀት መሃል ምንም በሌለበት የተለካ ነው። ምስሉ መቆራረጥ የጀመረበትን እርምጃ ጻፍና ቀረጻ ላይ ግማሹን ብቻ እመን።

ሐረጎ ላይ መንገዱ እንዴት እንደሚጠማዘዝ ታውቀዋለህ። መኪናው ኩርባውን ሲዞር ተራራው መሃል ከገባ አንቴና አያድንህም። ስለዚህ ሪሲቨሩን ሁለቱም የመንገዱ ወገን ከሚታይበት ቦታ፣ ከሰው ጭንቅላት በላይ በስታንድ ስቀለው። አንቴናዎቹን ወደ ካሜራው አታነጣጥራቸው፣ ቀጥ ብለው ይቁሙ። በጫፋቸው በኩል ደካማ ናቸው። ጉሙ ብዙ አያሳስብህ፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው የሚጎዳህ።

አሁን ከሁሉ በላይ የምለምንህን ልንገርህ። አንድ ጊዜ ሰኞ ገበያ እየቀረጽን ሞኒተሩ በየደቂቃው ድርግም ይልብኝ ጀመር። ቻናል ቀየርኩ። አንቴና ቀየርኩ። የልጆቹን ስልክ ሆትስፖት ሁሉ አስዘጋሁ። ግማሽ ቀን ብርሃን ሄደብን፤ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል። ጥፋቱ የተገኘው ከሪሲቨሩ ወደ ሞኒተሩ የምትሄደው፣ ስንዝር የማትሞላው የኤችዲኤምአይ ገመድ ላይ ነው። አንገቷን ስነካት ምስሉ ይጠፋል፣ ስለቃት ይመጣል። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ዕቃ ሳዘጋጅ እያንዳንዷን ገመድ በሁለት ጣቴ ይዤ፣ ዓይኔን ስክሪኑ ላይ ተክዬ ቀስ እያልኩ አነቃንቃለሁ። አንተም እንዲህ አድርግ። የሪሲቨሩ የሲግናል ምልክት ሙሉ ሆኖ ሞኒተሩ ብቻ ከጠቆረ፣ ገመዱን ቀድመህ ጠርጥር። ትርፍ ሁለት ያዝ።

ያገለገለ ስለሆነ አንቴና የሚታሰርባቸውን ጥርሶች እይ፤ የላላ ካለ ይታወቅሃል። ትራንስሚተሩን አንቴና ሳይታሰርበት በፍጹም አታብራው፣ ሊቃጠል ይችላል። ባትሪውን ሞልተህ እስኪዘጋ ድረስ አሰራውና ደቂቃውን ባትሪው ላይ በፕላስተር ለጥፍ። ካሜራውንም ያን ቀን በምትቀርጽበት ፍሬም ሬት (በሰከንድ በሚቀረጸው የምስል ብዛት) አድርገህ ሞክር፤ በ25 ያሳየ ሞኒተር በ50 እምቢ ሊል ይችላል።

ከቀረጻው በኋላ ወደ ኮምቦልቻ የምትወርዱ ከሆነ ደግሞ፣ ቦርሳውን እንደደረሳችሁ አትክፈቱት። ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላችሁ ሙቀት ውስጥ ነው የምትገቡት፤ የቀዘቀዘ ዕቃ ላይ እርጥበት ይቋጥራል። ግማሽ ሰዓት ይቆይ።

ሜዳው ላይ 50 እርምጃ ሳይሞላ ከተቆረጠብህ ሳምንቱ ሳያልቅ ጻፍልኝ። የአንቴናዎቹን ፎቶ ከሥራቸው አንስተህ ጨምርበት፤ ቀድሞ የነበረው ሰው የሌላ ዕቃ አንቴና አስሮበት እንደሆነ አብረን እናያለን።