ሬዲዮ ከመግዛታችሁ በፊት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሬዲዮ ስፈታና ስገጥም ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ስለ ግዢ የጠየቃችሁኝን እንደ አመጣጡ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ለአባቴ ሬዲዮ ልገዛላቸው ነው። አንዱ ላይ "12 ባንድ" ይላል። ይሻላል?

መልስ፦ ባንድ ማለት ሬዲዮው የሚይዘው የሞገድ ክፍል ነው። መጀመሪያ አባትህ የትኛውን ጣቢያ እንደሚያዳምጡ ጠይቃቸው። ኤፍ ኤም ብቻ ከሆነ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ የሚይዝ ይበቃቸዋል። የሩቅ ጣቢያ የሚወዱ ከሆነ አጭር ሞገድ ያስፈልጋቸዋል። 12 የሚለው ቁጥር አያማልልህ። አብዛኛውን ጊዜ ያው አጭር ሞገድ ተቆራርጦ ነው ቁጥሩ የበዛው።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ እንዴት ልፈትሸው? ሻጩ ከፍቶ ያሰማኛል፣ ሁሉም ጥሩ ይመስለኛል።

መልስ፦ ሻጩ የሚከፍትልህ ጠንካራ ጣቢያ ነው። እሱንማ የትኛውም ሬዲዮ ይስባል። አንተ ደከም ያለውን ፈልግ። ድንጋይ አስገብተህ፣ በር አካባቢ ቆመህ ሞክረው። ከዚያ የጣቢያ መፈለጊያውን ወደ ጠንካራው ጣቢያ አስጠጋ። ጠንካራው አጠገቡ ያለው ጣቢያ ላይ እየገባ የሚረብሽ ከሆነ የሬዲዮው ጣቢያ የመለየት አቅሙ ደካማ ነው።

የድምፁን ቁልፍ በጣም ቀስ ብለህ አዙረው። እየተንኮሻኮሸ የሚጨምር ከሆነ ተወው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ ስታደርገው ንግግሩ መለየት አለበት። አንቴናውን ሙሉ በሙሉ ሳብና ወደ ጎን አዘንብለው፤ ባስቀመጥክበት መቆም አለበት። የድንጋይ ማስገቢያውንም ክፈት። ሽቦው ላይ አረንጓዴ ነገር ካየህ አዲስ ነው ቢሉህም አትመን።

ጥያቄ፦ ቁጥር የሚያሳየው ዲጂታል ይሻላል ወይስ በእጅ የሚዞረው?

መልስ፦ ዓይናቸው ለደከመ ሰው ትልቅ ቁልፍ ያለው ይቀላል። ዲጂታሉ ደግሞ ጣቢያ ያስቀምጣል። ድንጋዩን አውጥተህ መልሰህ አስገባና ያስቀመጥከው መኖሩን እይ። በመካከለኛ ሞገድ (ኤኤም በሚባለው) የምታዳምጥ ከሆነ የጣቢያ መፈለጊያውን አንዴ ስትነካው በስንት ኪሎኸርዝ እንደሚራመድ ጠይቅ። በአሜሪካ አህጉር 10 ነው፤ በሌላው ዓለም በአብዛኛው 9። በ10 ብቻ የሚሄድ ሬዲዮ በ9 የተቀመጡ ብዙ ጣቢያዎችን ልክ ቦታቸው ላይ አያገኛቸውም።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ ጥርት ያለው ሬዲዮ ቤት ስወስደው ይንጫጫል። ልመልሰው?

መልስ፦ ቆይ እህቴ፣ አትቸኩዪ። እኔም አንዴ ልመልስ ተነስቼ ነበር። ጥፋቱ ግን አጠገቡ የተሰካው የስልክ ቻርጀር ነበር፤ ስነቅለው ጫጫታው ጸጥ አለ። ቻርጀሩን፣ ኤልኢዲ አምፖሉንና ቴሌቪዥኑን አንድ በአንድ እያጠፋሽ አዳምጪ።

መካከለኛ ሞገድ ላይ ከሆነ ሬዲዮውን ራሱን ቀስ እያደረግሽ አዙሪው። እዚያ ላይ ከውጭ የሚሳበው አንቴና ሥራ የለውም። የሚሠራው ውስጥ ያለው ጥቁር ዘንግ ነው፤ ስታዞሪው ድምፁ ሲጎላና ሲጠፋ ትሰሚዋለሽ። ለአጭር ሞገድ ደግሞ ከ5 እስከ 10 ሜትር ሽቦ አንቴናው ላይ ብታስሪ ለውጡን ወዲያው ታዪዋለሽ። መብረቅ ባለበት ሰዓት ግን ፍቺው።

ጥያቄ፦ ፍላሽና ብሉቱዝ ያለው ልግዛ?

መልስ፦ ዘፈን ለማጫወት ጥሩ ነው። ጣቢያ መሳብ ላይ ግን የሚጨምርለት ነገር የለም። ገንዘብህን ለጥሩ ስፒከር አውጣው።

ጥያቄ፦ ቻርጅ የሚደረግ ወይስ በድንጋይ የሚሠራ?

መልስ፦ ሁለቱንም የሚቀበል ብታገኝ እሱን ያዝ። የማይወጣ ባትሪ ብቻ ያለው ሬዲዮ ባትሪው ሲያረጅ አብሮ ይጣላል። ትልቁን ድንጋይ የሚጠቀም ከባድ ቢሆንም ረጅም ጊዜ ይቆይልሃል። ለሳምንታት የማትከፍተው ከሆነ ድንጋዩን አውጣው። ብዙ ሰው ለጥገና የሚያመጣልኝ ሬዲዮ ሌላ እንከን የለበትም፤ ድንጋይ አፍስሶ ሽቦውን በልቶት ነው።